በረካ ጠጥቼ ስመለስ የሚሞት ጌም

አከራዬ ቡና ሲያፈሉ በሬን አያንኳኩም። ቡናው ሲቆላ ሽታው በበሩ ሥር ገብቶ ይጠራኛል። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ይከተላል፦ «አንተ ልጅ፣ አቦሉ ቀረበ እኮ!» እኔ በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከባድ መኪና እየነዳሁ ነው። ስክሪን ላይ ማለቴ ነው። ጌሙን አቆመዋለሁ፣ ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ እወጣለሁ።

ወሎ ውስጥ ቡና ተጠርቶ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሳት የለም። ቶና አለ። በረካ አለ። በመሀል የሰፈር ወሬ አለ፣ ምርቃት አለ። ቢያጥር ቢያጥር 50 ደቂቃ ነው። ተመልሼ ማውሱን ነቅነቅ ሳደርገው ስክሪኑ ይበራል። ጌሙን እከፍተዋለሁ። መኪናዬ መንገድ ዳር እንደቆመች አለች። ጋዝ እረግጣለሁ። አንድ፣ ሁለት... ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የሞተሩ ድምፅ ግን ይቀጥላል። ከዚያ ጥቁር። ከዚያ ጌሙ ድራሹ ይጠፋል። የዴስክቶፑ ሥዕል ብቻ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ከጥቅምት መጨረሻ 2017 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንዲህ ስሰቃይ ከረምኩ። የሚያናድደው ሦስት ሰዓት ሳልነሳ ብጫወት ምንም አይለኝም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል) በሽታ ሲሠራ ግሎ መሞት ነው። የእኔ አርፎ ሲነሳ ነው የሚሞተው።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልንገራችሁ። ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው፣ ባለ 6 ጊጋ። ያገለገለ ነው፣ ከአዲስ አበባ በ2015 ያስመጣሁት። ያኔ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ከመስከረም 5 ጀምሮ በካርድ መቆፈሩን (ካርድን በስሌት እያሠሩ ገንዘቡን ማግኘትን) አቁሞ ስለነበር ያገለገለ ካርድ ከየአቅጣጫው ይወጣ ነበር። የእኔም ስንት ወር ሌትና ቀን ሲቆፍር እንደከረመ የሚያውቀው አንድ አላህ ነው። ስለዚህ በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የምወነጅለው ያለፈ ሕይወቱን ነው። ምስኪን።

ከዚያ ቀጥሎ የምወነጅለው ደግሞ መብራትን ነው። እዚህ አገር ፍሪጅ ቢበላሽ መብራት ነው፣ አምፖል ቢቃጠል መብራት ነው፣ ቴሌቪዥን መስመር ቢጥልበት መብራት ነው። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። እኔም ሳልውል ሳላድር የመብራቱን ኃይል ከፍ ዝቅ እንዳይል የሚጠብቅ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ብረት ሳጥን የመሰለ፣ ፊቱ ላይ 220 የሚል ቁጥር የሚያበራ። ማታ ማታ ቁጥሩን እያየሁ ተጫወትኩ። 220። በረካ ጠጥቼ ተመለስኩ። 220። ጌሙ ሞተ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ያን ገንዘብ ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል። አሁን የአከራዬን ፍሪጅ እየጠበቀ ነው።

ቀጥዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። አቧራውን በቀለም ቅብ ብሩሽ ጠረግሁ። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን ባለ 8 እግር ገመድ ቀጭ እስኪል ገፋሁ። ይኼ መቼም የማይጎዳ ሥራ ነው፣ የላላ ገመድ ብዙ ተንኮል ይሠራል። የእኔ ግን አልላላም ነበር።

ከዚያ ነው ወደ ኢቨንት ቪውወር የገባሁት። ዊንዶውስ ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። ኮምፒውተሩ የደረሰበትን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ይጽፋል። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ መዝገብ ሳይ ደስ ይለኛል። ጌሙ በሞተበት ደቂቃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አገኘሁ፤ ቁጥሩ 4101። የስክሪን ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን ተመልሷል ይላል። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስንና ካርዱን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ የተጻፈበት ስም ኤን ቪ ኤል ዲ ዲ ኤም ኬ ኤም ነው። ምላስ ያስራል። የኤንቪዲያ ድራይቨር ፋይል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለካርዱ ሥራ ሰጥቶ ይጠብቃል። ካርዱ 2 ሰከንድ ድረስ ካልመለሰ «ይኼ ሰውዬ ሞቷል» ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ኮምፒውተሩ በሙሉ ደርቆ ከሚቀር እሱ ይሻላል ተብሎ ነው። ዴስክቶፑ ይተርፋል፣ ጌሙ ግን በካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ ስለጠፋበት ይወድቃል። ስለዚህ ጌሙን መውቀስ ቀረ። ካርዱ ነው መልስ ያጣው።

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚመክረው አንድ መድኃኒት አለ። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብር የሚቀመጥበት) ውስጥ ገብተህ «ቲዲአር ዲሌይ» የሚል መስመር ጨምር፣ ሁለቱን ሰከንድ ስምንት አድርገው። አደረግሁት። በረካ ጠጥቼ ተመለስኩ። ስክሪኑ ደረቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ስምንት ላይ ሞተ። መሞቱ አልቀረም፣ እኔ ብቻ 6 ሰከንድ ተጨማሪ ለቅሶ ተቀመጥኩ። መልሼ አጠፋሁት። ለከባድ ስሌት ለሚሠሩ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል፣ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ግን ምልክቱን ማዘግየት ነው።

ድራይቨሩንም ቀየርኩ። ከ600 ሜጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ የሚነሳበት) ገብቼ አሮጌውን ዲዲዩ በሚባል የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ከሥሩ ነቅዬ አዲሱን ጫንኩ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። ለጓደኞቼ ሁሉ «ድራይቨር ነበር» ብዬ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በኋላ ሳስበው በእነዚያ ሁለት ቀናት አከራዬ ለቅሶ ሄደው ነበር። ቡና አልተፈላም። ያልተነሳሁበትን ጌም ነው ዳነ ብዬ ያወራሁት።

ዊንዶውስ የኃይል ቁጠባ ውስጥ «ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት» የሚል አለ፤ ካርዱና ማዘርቦርዱ የሚነጋገሩበትን መስመር ሥራ ሲጠፋ የሚያስተኛ ነው። አጠፋሁት። ለውጥ የለም። ኤንቪዲያ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ካርዱ ጌሙ እስካለ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ለዚህ ጌም ብቻ አበራሁት። ይኼ ግማሽ በግማሽ ሠራ። ከሦስት ቀን አንዱን ይሞታል። ጥሩ ነው፣ ግን ካርዱ በባዶ ሜዳ ኃይል እየበላ፣ ፋኑ እያፏጨ ማደሩ አልተመቸኝም። ደግሞስ ግማሽ መዳን ምን ይባላል?

እንግዲህ አጎቴ የመጡት በዚህ መሀል ነው።

አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ አድርገው ወርደዋል፣ ወጥተዋል። ደሴ ሲያድሩ እኔ ጋ ይመጣሉ። የእኔን የመኪና ጌም ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ። «ለዚህ ነው እንቅልፍ የምታጣው? ና እኔ ጋ፣ ተሳቢ አለልህ፣ ደመወዝም ይከፈልሃል» አሉኝ። ከዚያ ቡና ተጠራን። በረካው ሲያልቅ ተመልሰን ገባን። ዓይናቸው እያየ ጌሙ ሞተ።

«ምን ሆነ?» አሉ።

«ይኼው ጋሼ፣ ትቼው ስሄድ ቆይቶ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል።»

አጎቴ ሲጋራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩኝና መልሰው ከተቱት። «አብሽር» አሉ። «ሚኒሞው ነው።» ሚኒሞ ማለት ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ብቻ ሲዞር ነው።

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጋራዥ እንደገቡ መጠየቅ ጀመሩ። «ሲሄድ ይጠፋል?» አይ። «ዳገት ላይ፣ ጭነት ላይ?» አይ ጋሼ፣ ጭነት ላይ አንደኛ ነው። «ሚኒሞ ላይ ቆሞ እያለ ዝም ብሎስ ይጠፋል?» አስቤው አላውቅም ነበር። አይ፣ ቆሞ እያለ አይጠፋም፣ ዴስክቶፑ ላይ ሰዓታት ቢቆይ ምንም አይለውም። «እሺ። ከሚኒሞ ሲነሳ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

«ኮምቦልቻ እያለህስ እንዲህ ያደርግ ነበር?» አሉ ደግሞ።

አያደርግም ነበር። እስከ መስከረም ድረስ ኮምቦልቻ ነበር የምኖረው። ደሴ የተዛወርኩት ለሥራ ነው። «በል እንግዲህ» አሉ አጎቴ፣ ጋቢዬን ወስደው እየተከናነቡ። «ኮምቦልቻ በቁልፍ አንዴ ሲነካ የሚነሳ መኪና ደሴ ጠዋት ላይ እንዴት እንደሚያለቅስ እኔን ጠይቀኝ።» ከዚያ ተኙ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሐረጎን ሊወርዱ ተነሥተው ሄዱ።

ለማያውቅ፦ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፣ ግን ሐረጎን ቁልቁል ወርደህ ስለምትገባባት 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይለምናል። በኅዳርና በታኅሣሥማ የእኔ ክፍል ማታ ማታ ጣት ያደነዝዛል፣ ኪቦርዱ ራሱ ይቀዘቅዛል።

በማግስቱ ማታ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩ። የካርዱን ሙቀትና ፍጥነት በየሰከንዱ እያየ መዝግቦ ያስቀምጣል። ካርዱ ሥራ ሲያጣ 300 ሜጋኸርዝ ላይ ይወርዳል። የአጎቴ ሚኒሞ ማለት ይኼ ነው። ጌም ሲመጣ ወደ 1,800 ይዘላል። ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ስጫወት ቆይቼ፣ ሙቀቱ 69 ዲግሪ ሆኖ፣ 1,800። ቡና ጠጥቼ ስመለስ፣ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሆኖ፣ ጌሙ ከመሞቱ በፊት የተመዘገበው የመጨረሻ ቁጥር 1,830።

ሠላሳዋ ከየት መጣች?

ሂሳብ ሠራተኛን እንደ ትንሽ ልዩነት የሚያስጨንቀው የለም። ብዙ ብር ቢጎድል ሌባ ነው ትላለህ። 30 ብር ስትተርፍ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትፈልጋታለህ። በቀጣዮቹ ቀናት ሦስት ጊዜ ጌሙ ሞተ፣ ሦስቱም ጊዜ 1,830 ላይ ወይም 1,815 ላይ ነው። 1,800 ላይ አንድም ጊዜ አልሞተም።

መልሱን ሳገኘው አፈርኩ። የእነዚህ የኤንቪዲያ ካርዶች ፍጥነት እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ሲሞቅ በ15 ሜጋኸርዝ እየቆረጠ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲቀዘቅዝ በ15 በ15 ከፍ ይላል። ቀዝቃዛ ካርድ ጉልበት አለኝ ብሎ ያስባል። ችግር የለውም፣ ፋብሪካው ለዚያ ተጨማሪ ፍጥነት የሚበቃ ቮልቴጅ አስቦ ስለሚሰጠው። የእኔን ካርድ ቮልቴጅ ግን ፋብሪካው አይደለም የሚወስነው። እኔ ነበርኩ የወሰንኩት።

ኮምቦልቻ እያለሁ መብራት ሲጠፋ የሚጠብቀኝ 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ነበረኝ፣ አሁንም አለ። ባትሪው አርጅቷል። ጌም ላይ እያለሁ መብራት ከሄደ አንዴ ጮሆ ወዲያው ይጠፋ ነበር፣ ጌሙን ሴቭ ለማድረግ እንኳ ፋታ አይሰጥም። ካርዱ ደግሞ እስከ 125 ዋት ድረስ ይበላል። ስለዚህ በግንቦት 2016 አንደርቮልት አደረግሁት፣ ማለትም ቮልቴጁን ቀነስኩበት። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ላይ 1,800 ሜጋኸርዙን በ0.800 ቮልት ብቻ እንዲሠራ አዘዝኩት። ወደ 85 ዋት ወረደ። ዩፒኤሱ አራት ደቂቃ መቆየት ጀመረ። ጀግና ነኝ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ በከባድ ቴስት አስጨንቄ ፈተንኩት። አለፈ። በዊንዶውስ መነሻ ላይ ራሱ እንዲጫን ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ረሳሁት። ድራይቨር ስነቅልም እሱ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ዲዲዩ የራሱን የአፍተርበርነርን ሴቲንግ አይነካም።

የፈተንኩት በኮምቦልቻ የግንቦት ሙቀት ነው። ካርዱ 74 ዲግሪ ላይ ሆኖ። ማንኛውም ከባድ ቴስት ካርዱን ያሞቀዋል፣ ስለዚህ በቴስቱ ሰዓት ካርዱ ሁልጊዜ ዝቅ ያለው ፍጥነት ላይ ነው። ቀዝቃዛውን ካርድ ፈትኜው አላውቅም። ደሴ ስመጣ ብርዱ በነፃ ፈተነልኝ። ከበረካ በኋላ ካርዱ በ31 ዲግሪ ተነሥቶ 1,830 ይዘላል፣ ቮልቴጁ ግን ያው ለ1,800 በጭንቅ የምትበቃው 0.800 ናት። መልስ ያጣል። 2 ሰከንድ ያልፋል። 4101።

ወደ መደምደሚያ ላለመቸኮል ፈተንኩት። መስኮቱን ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩን ለ20 ደቂቃ ትቼ፣ ካርዱ ሲቀዘቅዝ ጌሙን ከፈትኩ። አራት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴ ሞተ። በሌላ ቀን አፍተርበርነርን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መለስኩት፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። አንድም አልሞተም። አከራዬ በመስኮቱ አልፈው ሲያዩኝ በታኅሣሥ ብርድ፣ በተከፈተ መስኮት፣ በጋቢ ተጠቅልዬ ስክሪን ላይ ሰዓት እቆጥራለሁ። «ወይ ጉድ፣ ይኼ ልጅ ምን ነካው» ሲሉ ሰማኋቸው።

አሁን ቮልቴጁ 0.850 ላይ ነው። ካርዱ ወደ 95 ዋት ይበላል። ዩፒኤሱ ከአራት ደቂቃ ወደ ሦስት ገደማ ወርዷል፣ ይብቃው። ሙሉ ጉልበት ይዞ የሚጠብቀውን ምርጫም አጠፋሁት። ማታ ማታ ፋኑ ቆሞ ክፍሉ ዝም ይላል።

እንደ እኔ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው ካለ፣ እኔ ዞሬ ዞሬ የደረስኩበትን መጀመሪያ ያድርገው። ስታቢላይዘር ከመግዛቱ በፊት፣ 600 ሜጋ ባይት ከማውረዱ በፊት። አፍተርበርነር ወይም መሰል ፕሮግራም ካለው ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልስና አንድ ቀን ይጫወት። ያገለገለ ካርድ የገዛ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደነካ ስለማያውቅ ይኼ የበለጠ ይመለከተዋል። እሱ ካልሆነ ሌላውን ይፈልግ። ሲፈትን ደግሞ ቀዝቃዛውንም ይፈትን።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከሚሌ ደወሉ። ሙቀቱን እየረገሙ ነበር።

«ያ ነገርህስ?» አሉ።

«ልክ ነበሩ ጋሼ። ብርዱ ነው። ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚበቃውን ነዳጅ አልሰጠውም ነበር።»

«ማን ነው የቀነሰበት?»

ዝም አልኩ።

«አንተው ነህ አይደል?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «በል፣ ዓርብ እገባለሁ። ለአከራይህ ንገርልኝ፣ ቡናውን በደንብ ይቁሉት።»